ባለ ሰባት ወንበር ኤስዩቪ የገዛንበት ሾውሩም፦ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ዋጋ ድርድሩ

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደታች እጽፋለሁ ግን መጀመሪያ አራቱን ለምን እንደሰጠሁ ልናገር፣ ምክንያቱም ለቤተሰቡ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ እንደዚህ ሊስተናገድ ይገባዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የቤቱን ስም የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው፣ ደሞም ዋናው አሰራራቸው ስለሆነ እሱን ሌላ ሾውሩም ገብታችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ያደረጉልን ትልቁ ነገር አንድ ነው። መኪናውን ከግቢ ይዘን እስክንወጣ ድረስ ከኪሳችን የሚወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ በአንድ ወረቀት፣ በዝርዝር፣ ስለ ሌላ ምንም ከማውራታችን በፊት ሰጡን። የመኪናው ዋጋ ይሄ፣ ማጓጓዣው ይሄ፣ ታክሱ ይሄ፣ ታርጋና ሊብሬ ማስወጫው ይሄ፣ የቢሮ የወረቀት ስራ ይሄ፣ ድምሩ ይሄ። በቃ። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል ግን ከነሱ በፊት የሄድንባቸው ቤቶች ይሄን ወረቀት ለምነንም ሙሉውን አልሰጡንም፣ አንዱ "እሱን ስንፈራረም እናየዋለን" ብሎ ነው ያለፈው። ስንፈራረም የሚታይ ዋጋ ማለት ደክሟችሁ፣ ልጆች ርቧቸው፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የምታዩት ዋጋ ማለት ነው።

ወደ ድርድሩ ከመግባቴ በፊት የመኪና ዋጋ እንዴት እንደሚሰራ ትንሽ ልበል፣ ይሄን ሳያውቁ መደራደር ባዶ እጅ መሄድ ስለሆነ። መስኮት ላይ የተለጠፈው ዋጋ አምራቹ "በዚህ ቢሸጥ" ብሎ የሚያቀርበው ሀሳብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ከ1958ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ጀምሮ አዲስ መኪና መስኮት ላይ ይሄ ዋጋ ከነ ተጨማሪ ዕቃዎቹና ከነ ማጓጓዣው ተዘርዝሮ መለጠፍ አለበት፣ ሻጩ ግን ከሱ በላይም በታችም መሸጥ ይችላል። ከዛ በታች ደግሞ ሾውሩሙ ለአምራቹ የሚከፍልበት የፋክቱር ዋጋ አለ። ብዙ ሰው "ፋክቱሩን ካገኘሁ የነሱን ትርፍ አወቅኩ" ብሎ ያስባል፣ እሱም ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አምራቹ ከጀርባ ተመላሽ የሚሰጥበት አሰራር አለ፣ እዛው አሜሪካ ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ ዋጋ ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ገንዘብ መኪናው ከተሸጠ በኋላ ለሾውሩሙ ይመለስለታል። በዛ ላይ በወር ወይም በሩብ ዓመት የታቀደለትን ያህል መኪና ከሸጠ የሚሰጠው ቦነስ አለ፣ አንዳንድ ሞዴል አልንቀሳቀስ ሲል ደግሞ እሱን ለማስወጣት አምራቹ ለሻጩ የሚሰጠው ድጎማ አለ። ስለዚህ ሻጩ "በፋክቱር ዋጋ ሰጠሁሽ፣ ምንም አላተርፍም" ሲል ወረቀቱን ቢያሳያችሁም ከጀርባ ያለው ገንዘብ ወረቀቱ ላይ አይታይም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ግቢው ላይ የቆሙት መኪናዎች በአብዛኛው በብድር የተያዙ መሆናቸውን ነው። ሾውሩሙ ለያንዳንዱ መኪና መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ወለድ ይከፍላል። ዛሬ የገባውና ወራት የቆመው መኪና በሻጩ ዘንድ እኩል አይደሉም፣ የቆመው በየቀኑ ገንዘብ ይበላል። እና ዋጋ ለማስቀነስ ከሁሉም የሚጠቅመው ጥያቄ "ይሄ መኪና እዚህ ከገባ ስንት ጊዜ ሆነው?" የሚለው ነው ባይ ነኝ። እኛ የገዛንበት ሾውሩም ይሄን ስንጠይቅ ኮምፒውተሩን ወደኛ አዙሮ የገባበትን ቀን አሳየን። ሌላው ቤት ግን "ትናንት ነው የገባው" አለን። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር አየሁት፣ ጎማ ጎኑ ላይ DOT ብሎ የሚጀምረው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሰራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፣ 2324 ከሆነ በ2024 (እ.ኤ.አ.) 23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ጎማው አርጅቶ ነበር። ያው ጎማ ከመኪናው ቀድሞ ሊሰራ ይችላል ትንሽ፣ ግን ያን ያህል አይደለም። በሩ ምሰሶ ላይ ያለው ስቲከር ላይ መኪናው የተሰራበት ወርም ይገኛል በብዙ መኪናዎች፣ እሱም ከጎማው ጋር ገጠመ። ሰውየውን አላዋረድኩትም፣ አመስግኜ ወጣሁ፣ ምክንያቱም እንደዚህ ባለ ትንሽ ነገር ላይ እውነቱን የማይናገር ሰው ጋር ትልቁን ነገር መፈራረም አልፈለግኩም።

አሁን ወደ "በወር ስንት ይመቻችኋል" ጉዳይ። መጀመሪያ የገባንበት ቤት ገና ወንበር ሳንይዝ የጠየቁን እሱን ነው። ባለቤቴ ሊመልስ ሲል እግሩን ነካ አደረግኩት፣ ቀድመን ተነጋግረንበት ስለነበር ገባውና ዝም አለ። ይሄ ጥያቄ የትህትና ይመስላል ግን አንዴ የወር ቁጥር ከተናገራችሁ በኋላ የመኪናው ዋጋ ከጠረጴዛው ላይ ይጠፋል፣ ሻጩ የሚሰራው ያቺን የወር ቁጥር ለመምታት ዓመቱን መዘርጋት ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። የየትኛውም አገር ገንዘብ ይሁን፣ 1,000,000 ተበደራችሁ እንበል፣ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ ሆኖ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ። በ60 ወር ከከፈላችሁት የወሩ ወደ 20,758 ይመጣል። በ84 ወር ከሆነ ወደ 16,089 ይወርዳል። የወሩን ብቻ ያየ ሰው "አራት ሺህ ምናምን አስቀነስኩ" ብሎ ደስ ብሎት ይፈርማል። ጠቅላላውን ስትደምሩት ግን በ60 ወሩ ወደ 1,245,000 ነው የምትከፍሉት፣ በ84 ወሩ ወደ 1,351,000። ከመቶ ሺህ በላይ ልዩነት፣ ያውም በአንድ ዓይነት መኪና፣ በአንድ ዓይነት ወለድ! ደሞ ሰባት ዓመት ማለት ልጄ አሁን ካለችበት ክፍል ተነስታ ሃይስኩል እስክትገባ ድረስ ማለት ነው፣ መኪናው በዛን ጊዜ ዋጋው ወድቆ ዕዳው ግን ሊበልጠው ይችላል፣ በመሀል መሸጥ ብትፈልጉ ከኪሳችሁ ጨምራችሁ ነው የምትገላገሉት።

እዛው ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ደሞ መጣ። "እኛ ጋር ወለዱ 6 በመቶ ብቻ ነው፣ ባንክ 9 ይላችኋል" አሉን። ደስ ይላል ስትሰሙት። ግን 6 በመቶው የሚታሰበው መጀመሪያ በተበደራችሁት ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው ለአምስቱም ዓመት፣ እየከፈላችሁ ዕዳው ቢቀንስም ወለዱ አይቀንስም። 1,000,000 ላይ 6 በመቶ በአምስት ዓመት 300,000 ነው፣ የወሩ 21,667 ይሆናል። ከላይ የባንኩ 9 በመቶ 20,758 ነበር አይደል? ስድስት የተባለው ከዘጠኙ ይበልጣል፣ በቀሪ ዕዳ ሲሰላ ወደ 10.8 በመቶ ገደማ ነው የሚመጣው። ይሄን ስልኬ ላይ ባለው ካልኩሌተር እዛው አስልቼ ሳሳየው ሻጩ ራሱ የገረመው መሰለኝ፣ ምናልባት እሱም የተነገረውን ነው የሚናገረው። ስለዚህ የመቶኛውን ቁጥር ብቻ አትስሙ፣ "በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በዋናው?" በሉ፣ ከዛ "መጨረሻ ላይ ስንት ከፍዬ እጨርሳለሁ?" ብላችሁ ድምሩን አጽፉ። ብድሩን ከራሳችሁ ባንክ ቀድማችሁ አስፈቅዳችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ የሾውሩሙን ወለድ የምታወዳድሩበት ነገር በእጃችሁ አለ። በዛው 1,000,000 በ60 ወር ላይ ከ9 ወደ 8 በመቶ መውረድ ብቻ ወደ 29,000 ያተርፋል፣ መኪናው ላይ ያን ያህል ለማስቀነስ ስንት ክርክር እንደሚጠይቅ አስቡት።

እኛ እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ። መጀመሪያ የፈለግነውን ወሰንን፣ ሞዴል፣ የደረጃ ዓይነት፣ ሞተር፣ የወንበር ብዛት። ቶዮታ ራቭ ፎርን፣ ሁንዳይ ሳንታፌን፣ ኪያ ሶሬንቶን አይተናል። ራቭ ፎር ስሙም ገበያውም ጥሩ ነው፣ እኛ ያየነው ግን ባለ ሁለት ረድፍ ነበር፣ እናቴ አብራን ስትሄድ ደሞ ሦስተኛ ረድፍ የግድ ነው። ሳንታፌና ሶሬንቶ የአንድ ግሩፕ ናቸው፣ ከስር ብዙ ነገር ይጋራሉ፣ ስለዚህ አንዱን ስትደራደሩ ሌላውን በልባችሁ መያዝ ይጠቅማል፣ "ያለዚህ መኪና መኖር አልችልም" ያለ ሰው ድርድሩን ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። የትኛውን እንደገዛን ብዙም ለውጥ የለውም እዚህ ጋር፣ አሰራሩ ለሁሉም አንድ ነው።

ቴስት ድራይቩን ለብቻው ቀን ነው ያደረግነው፣ ከነ ልጆቹ። የልጆቹን የመኪና ወንበር ይዘን ሄደን አሰርነው፣ አይሶፊክስ (የልጅ ወንበር ከመኪናው ወንበር ጋር የሚቆለፍበት) ማሰሪያው የት የት እንዳለ፣ ሁለት የልጅ ወንበር ታስሮ መሀል ላይ ሰው ይቀመጣል ወይ፣ ሦስተኛው ረድፍ ሲነሳ ጋሪው ኋላ ይገባል ወይ። እናቴ ሦስተኛ ረድፍ ገብታ ወጣች፣ ጉልበቷን ስለሚያማት የመግቢያው ስፋት ለኛ ትልቅ ነገር ነበር። በዛ ቀን ስለ ዋጋ አንድም ቃል አላወራንም። ለድርድሩ ቀን ግን ልጆቹን ቤት ትተናቸው ነው የሄድነው። ልጅ መሪው ላይ ተቀምጦ "እማዬ ይሄን እንውሰድ" እያለ እናት መደራደር አትችልም፣ ሻጩም ይሄን ያውቃል።

በመሀል ለብዙ ሾውሩሞች አንድ ዓይነት መልዕክት ላክኩ። እንደዚህ የሚል፦ "ሰላም፣ ይሄን ሞዴል፣ በዚህ ደረጃ፣ በዚህ ሞተር ልገዛ ነው። በቅርብ ለመግዛት ዝግጁ ነኝ። ማጓጓዣ፣ ታክስ፣ ታርጋና የቢሮ ክፍያ ሁሉንም ጨምሮ የመጨረሻ ጠቅላላ ዋጋችሁን በዝርዝር ላኩልኝ። የሻንሲ ቁጥሩንም ጨምሩበት።" የሻንሲ ቁጥሩን የምጠይቀው የሌለ መኪና ዋጋ እንዳይልኩልኝ ነው፣ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የመኪናው መለያ እሱ ስለሆነ፣ እሱን ከላኩ የሚያወሩት ስለ አንድ የተወሰነ መኪና ነው ማለት ነው። ግማሾቹ "ይምጡና እናውራ" ብለው መለሱ። "ይምጡና" ያለኝን ሁሉ ተውኩት። ዋጋውን በጽሁፍ መላክ የማይፈልግ ሰው በአካል ስሄድ የሚሻለኝ ነገር የለም፣ የሚሻለው ለሱ ነው።

ከመጡት ፕሮፎርማዎች ውስጥ ከሁሉም ዝቅ ያለው አሁን የገዛንበት ቤት አልነበረም። ይሄን ማወቅ ይገባችኋል። ዝቅ ያለው ከሌላ ቤት ነው የመጣው፣ ደስ ብሎኝ ዘርዝሬ ሳየው ግን ማጓጓዣው የለበትም፣ ከስር በትንሽ ፊደል ደሞ "በሾውሩሙ የተገጠሙ ዕቃዎች ለብቻ ይከፈላሉ" ይላል። ምንድናቸው ብዬ ጻፍኩ። የቀለም መከላከያ፣ የወንበር ጨርቅ መከላከያ፣ መስታወት ላይ የሻንሲ ቁጥር መቅረጽ፣ ጎማ ውስጥ ናይትሮጅን። ናይትሮጅን! የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ለቤተሰብ መኪና ለሱ ገንዘብ መክፈል ምንም ትርጉም የለውም። "እነዚህን አልፈልግም፣ አውጡልኝ" ስላቸው "ተገጥመው ነው ያሉት፣ አይወጡም" አሉ። ማጓጓዣውንና እነዚህን ስደምርባቸው ከሁሉም ርካሽ የነበረው ከሁሉም ውድ ወደሚባለው ተጠጋ። ለዚህ ነው ፕሮፎርማ ስታወዳድሩ ከላይ ያለውን ዋጋ ሳይሆን የመጨረሻውን ድምር አወዳድሩ የምለው፣ ያውም አንድ ዓይነት ነገር የያዘውን ድምር።

ከዛ ሁለተኛ ዝቅ ያለውን ይዤ ወደዚህ ሾውሩም ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፣ ሰው አክባሪ። ወረቀቱን አሳየሁት፣ አልደበቅኩም።

"ወንድሜ፣ እኔ የምፈልገው ከናንተ መግዛት ነው፣ ለሰርቪስም ትቀርቡኛላችሁ። ግን ይሄ ቤት በዚህ ዋጋ ጽፎ ሰጥቶኛል። ወደዚህ ብትጠጉልኝ ዛሬውኑ ቀብድ እከፍላለሁ።"

ወረቀቱን በደንብ አነበበው፣ ማናጀሩን ጠይቆ መጣ። "እህቴ፣ እኩል ማድረግ አልችልም፣ ላታልልዎት አልፈልግም። ይሄኛው ቤት የያዘው መኪና ካለፈው ዓመት ሞዴል ነው፣ የኛ አዲሱ ነው። ግን የኛም ካለፈው ዓመት የቀረ አንድ ግራጫ አለ፣ እሱን ከወሰዱ ከዚህ ወረቀት በታች አወርድልዎታለሁ።"

በጣም ነው የወደድኩት ይሄን መልስ። ከኔ ወረቀት ላይ እኔ ያላየሁትን አሳየኝ፣ መንገድም ሰጠኝ። ያለፈው ዓመት ሞዴል ስትገዙ ግን አንድ ነገር ማሰብ አለባችሁ፣ መኪናው አዲስ ቢሆንም ነገ ስትሸጡት የሚታየው የሞዴል ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ቅናሹ ቢያንስ ያን የዋጋ ልዩነት መሸፈን አለበት። ለብዙ ዓመት ለሚይዝ ቤተሰብ ልዩነቱ እየጠፋ ይሄዳል፣ በሁለት በሦስት ዓመት ለሚቀይር ሰው ግን ላያዋጣ ይችላል። እኛ መኪና እስኪያረጅ ነው የምንይዘው። ደግሞ በሁለቱ ዓመት መሀል መኪናው ራሱ ተቀይሯል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ አንዳንዴ ዓመቱ ይቀየራል እንጂ መኪናው ያው ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የደህንነት ዕቃ ወይም ሞተር ይጨመርበታል። የኛው ላይ ከቀለም ምርጫ በስተቀር የተለወጠ አልነበረም። ባለቤቴ ግራጫ ብዙም አይወድም፣ ቅናሹን ሲያይ ወደደው።

አንድ ዙር ደግሞ ተመላለስን። እኔ ትንሽ ቅናሽ እንዲጨምርልኝ ጠየቅኩ፣ እሱ ደግሞ ከዚህ በላይ ከወረደ የራሱ ኮሚሽን እንደሚነካ ነገረኝ። እዚህ ጋር አቆምኩ። አንዳንድ ሰው የመጨረሻዋን ሳንቲም ካላወጣ የተሸወደ ይመስለዋል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ተገቢ ዋጋ ማለት ለኔ ከየት እንደመጣ የማውቀው፣ ሌላ ቤት ከሚሰጠኝ ያልበለጠ፣ የሸጠልኝም ሰው ነገ ስልኬን የሚያነሳበት ዋጋ ነው። ከዛ ይልቅ ዋጋውን ባለበት ትቼ የላስቲክ ምንጣፍና የመጀመሪያውን ሰርቪስ እንዲጨምርልኝ ጠየቅኩ፣ ሁለቱም ለሱ ቀላል ለኔ ጠቃሚ ስለሆኑ ወዲያው እሺ አለ፣ እሱንም ወረቀቱ ላይ አጻፍኩት። ያልተጻፈ ቃል አልቀበልም፣ ሰውየው ጨዋ ቢሆንም ነገ ስራ ቢለቅ የሚቀረው ወረቀቱ ነው።

የድሮ መኪናችንን ያነሳሁት የአዲሱ ዋጋ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው። ከዛ በፊት "አሮጌ መኪና የምትሰጡን አለ?" ሲሉኝ "ገና አልወሰንንም" ነበር መልሴ። ሁለቱ አንድ ላይ ከተወሩ ለአሮጌው ጥሩ ዋጋ እየሰጡ ከአዲሱ ላይ ቅናሹን ይመልሱታል፣ እናንተ ያተረፋችሁ ይመስላችኋል፣ ስትደምሩት ግን ያው ነው። እኛ ቀድመን ከሌላ ገዢ የድሮውን መኪና አስገምተን ነበርና ሾውሩሙ ከሱ ትንሽ ዝቅ ያለ ሲሰጠን ግምቱን አሳየናቸው፣ አስተካከሉት። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ታክሱ የሚታሰበው አሮጌው ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው ልዩነት ላይ ነው፣ እንደዛ ከሆነ ለሾውሩሙ መስጠቱ ውጪ በትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ከመሸጥ ሊሻል ይችላል፣ አስልታችሁ ነው መወሰን ያለባችሁ።

አሁን አንዷ ኮከብ። የተቀነሰችው በመጨረሻው ክፍል ነው። ከሻጩ ጋር ሁሉ ነገር አልቆ ተጨባብጠን የብድርና የኢንሹራንስ ወረቀት የሚሰራበት ሌላ ቢሮ ገባን፣ እዛ ያለው ሰውዬ ሌላ ሰው ነው፣ ድካማችንን አይቶ ነው መሰለኝ ወረቀቶቹን ቶሎ ቶሎ እያገላበጠ "እዚህ ፈርሙ፣ እዚህ ፈርሙ" ይላል። አቆምኩትና ድምሩን ከያዝኩት ወረቀት ጋር አስተያየሁ። በልጦ መጣ። ምንድነው ስል ያልጠየቅነው የተራዘመ ዋራንቲ ገብቶበታል። "ሁሉም ይወስደዋል፣ በወር ትንሽ ነገር ናት" አለኝ። ተመልከቱ፣ እንደገና በወር! እንዲያወጣው ስጠይቅ አልተከራከረም ወዲያው አወጣው፣ ግን ባላይ ኖሮ ይዘነው እንሄድ ነበር። ጥሩ ሻጭ ሳምንታት የገነባውን እምነት እዛ ክፍል ውስጥ በአንድ ወረቀት ሊያፈርሰው ነበር፣ ማናጀሩ ይሄን ካነበበ እባካችሁ አስተካክሉት። ስለ ተራዘመው ዋራንቲ ራሱ ክፉ አልናገርም፣ ለአንዳንድ ሰው ይጠቅማል፣ በተለይ መኪናውን ለረጅም ጊዜ ለሚይዝና ድንገተኛ ጥገና ለሚከብደው። ግን ዋናው የፋብሪካ ዋራንቲ እስኪያልቅ ድረስ ብዙውን ጊዜ በኋላም መግዛት ይቻላል፣ ዋጋውም ድርድር አለው፣ ምን ምን እንደማይሸፍን በእርጋታ አንብቦ መወሰን ነው እንጂ በመጨረሻው ደቂቃ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ሌላው ትንሽ ቅሬታ መኪናውን እናስረክባችኋለን ካሉን ቀን ዘገየ፣ መዘግየቱ ሳይሆን ማንም ደውሎ አለመንገሩ ነው ያስከፋኝ። እኔ ስደውል ነው የተነገረኝ፣ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ርክክቡ ላይ ግን ጥሩ ነበሩ። በቀን ብርሃን እንዲሆን ጠይቄ ነበር፣ ማታ ላይ ጭረት አይታይም። ወረቀቱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ዳሽቦርዱ ጥግ ካለው ጋር አስተያየን፣ ኪሎሜትሩን አየን፣ ኮፈኖውን ከፍተን፣ አራቱንም በር ከፍተን ዘግተን፣ ሁሉም ወንበር ታጥፎ ተነስቶ፣ ሁለቱም ቁልፍ፣ መለዋወጫ ጎማው ወይም የአየር መሙያው መኖሩን። ብዙ ወር የቆመ መኪና ስለሆነ ባትሪውን በመሳሪያ እንዲለኩልኝ ጠየቅኩ፣ ለኩት፣ ደከም ብሎ ስለተገኘ በነሱ ወጪ ቀየሩልን። ይሄን ሳልጠይቅ ቢያደርጉት ደስ ባለኝ፣ ግን ስጠይቅ ፊታቸውን አላጠቆሩም።

ጊዜውም ወሳኝ መሆኑን ልጨምር። በ2021 እና በ2022 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ የቺፕ እጥረት በነበረ ጊዜ ሾውሩሞች ባዶ ነበሩ፣ ብዙ ሻጮች ከመስኮቱ ዋጋ በላይ ጨምረው ይሸጡ ነበር፣ በዛ ጊዜ ያለ ጭማሪ በመስኮቱ ዋጋ ያገኘ ሰው ጎበዝ ተደራዳሪ ነበር። ስለዚህ የጎረቤታችሁን ወይም የዘመዳችሁን ቅናሽ ከናንተው ጋር አታወዳድሩ፣ እሱ የገዛው ሌላ ወር፣ ሌላ ሞዴል ነው። አዲስ ቅርጽ ሊወጣ ሲል አሮጌው ቅርጽ ይረክሳል፣ በጣም የሚፈለግ ሃይብሪድ ላይ ደግሞ ሰልፍ ካለ ማንም አይቀንስም፣ ያኔ ድርድሩ ዋጋ ላይ ሳይሆን የማይረባ ዕቃ እንዳይጭኑባችሁ መከላከል ላይ ነው። እኛ የሄድነው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ሻጩም የወሩን ዕቅድ ለመሙላት እንደቀረው ራሱ ነግሮኛል፣ ይሄ ረድቶናል ብዬ አምናለሁ። ዋጋ የማያከራክሩ ቤቶችም አሉ፣ ቴስላ ለምሳሌ ራሱ በቀጥታ ነው የሚሸጠው፣ ዋጋው የተጻፈው ነው። ለሱም ክብር አለኝ፣ ብዙ ሰው ክርክር ያስጨንቀዋል፣ ግን እዛም ቢሆን ወለዱን፣ የአሮጌ መኪናችሁን ግምትና የሚጨመሩትን ነገሮች ማየት አይቀርም።

ይሄን ሾውሩም ወይም እንደሱ ያለ ቤት ስታገኙ ስልክ ከመደወል መልዕክት ብትልኩ ይሻላል፣ ቶሎ ይመልሳሉ፣ የተናገሩትም በጽሁፍ ይቀርላችኋል። በስራ ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ቅዳሜ ይጨናነቃል፣ ሻጩ አጠገባችሁ በእርጋታ አይቀመጥም። የብድር ቢሮው ከመግባታችሁ በፊት ከሻጩ ጋር የተስማማችሁበትን ወረቀት አስፈርማችሁ ኮፒውን በእጃችሁ ያዙ፣ እዛ ክፍል ውስጥ ድምሩ በአንዲት ሳንቲም ቢለይ ከየት እንደመጣ ሳይነግሯችሁ አትፈርሙ። የሰርቪስ ክፍላቸውን ገና አልሞከርኩትም፣ የመጀመሪያውን ሰርቪስ ካሰራሁ በኋላ እዚሁ እጨምራለሁ።